ባሌስትራ በደቦ

ከሁሉ በፊት የእቴቴን ወገብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀጥዬ አጎቴን፣ ከዚያ ጎረቤቶቻችንን፣ በመጨረሻም ምንም የማያውቀውንና ያን እሑድ አርባ ቀን የሞላውን ሕፃን። መኪናዋንም ልጠይቃት አስቤ ነበር። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ብረት ፊት ቆሞ ይቅርታ ሲል ቢታይ፣ መንደር ውስጥ የቀረችኝ ጥቂት ክብር ጨርሳ ትሄዳለች ብዬ ተውኩት።

መኪናዋ የአጎቴ የአያ አዳሙ ናት። አሮጌ ላንድሮቨር ናት፤ ቀለሟ ዳልቻ ስለሆነ ስሟም እንደ በሬ «ዳልቻ» ነው። እናቴ ሙሽራ ሆና የሄደችው በእሷ ነው። እኔ ልወለድ ስል እናቴን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ያደረሰቻትም እሷ ናት። በመካከሉ በቆሎ ጭናለች፣ በርበሬ ጭናለች፣ የታመመ ሰው ጭናለች፣ አንድ ጊዜም የቤተ ክርስቲያን ደወል ጭናለች። የተጫነው ሁሉ ወርዷል፤ ክብደቱ ግን ኋላዋ ላይ የቀረ ይመስላል። ከፊት ላያት ቀና ያለች ወይዘሮ ናት። ከጎን ላያት እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ናት።

ጥፋቱ የባሌስትራው ነው። መኪና ሥር ገብቶ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ ባሌስትራ ማለት ከኋላ ጎማዎቹ ዘንድ እንደ ቀስት ጎብጠው፣ ተደራርበውና አንድ ላይ ታስረው የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙ ዝርግ ብረቶች ናቸው። ዳልቻ በቀኝ ሰባት፣ በግራ ሰባት አላት። ከቀኞቹ አንዱ ተሰብሮ ነበር። የቀሩት ዝገው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ጫፋቸው ላይ ያለው ጎሚኒ፣ ማለትም ንዝረቱን የሚውጠው ላስቲክ፣ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል። እንዲህ ሆኖ፣ መንገድ ላይ ያለ ጉድጓድ ሁሉ ሳይቀነስለት በቀጥታ የሚደርሰው የእቴቴ ወገብ ላይ ነው።

እቴቴ የአያ አዳሙ ባለቤት ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ከቡሬ ገበያ ሲመለሱ ከዳልቻ ወረዱ፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ፣ ከዚያም «አዳሙ ይስሙኝ፤ ከዛሬ ወዲያ እኔና እሷ አንድ ላይ ከታየን፣ ሬሳዬን ጭናው ነው» አሉ። አያ አዳሙ ይህን ሲያነሡ እስከ ዛሬ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ሚስታቸውና መኪናቸው የተኳረፉባቸው ሰው ናቸውና ኑሮ ቀላል አልነበረም።

ታዲያ በዚህ መካከል ከቡሬ ወዲያ ሽንዲ ከተማ ያገባችው አንድያ ልጃቸው ብርቱካን ወንድ ልጅ ወለደች። ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት እቴቴ ያልሄዱበት ጠበል፣ ያላስቸገሩት ታቦት የለም። ስለታቸው አንድ ነበር፤ ልጅ ከተገኘ በክርስትናው ቀን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በገዛ እጃቸው ታቅፈው ሊወስዱት። የወንድ ልጅ ክርስትና ደግሞ በአርባ ቀን ነው። ቀኑ አይጠብቅም፣ አይገፋም፣ «ባሌስትራ ላይ ነን» ቢባልም አይሰማም።

እኔ የመንፈቅ ዓመቱን እረፍት ይዤ ጥር ላይ ቤት ስደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶ ነበር። ፍኖተ ሰላም ያለው መካኒክ «ከአሥራ አምስት ቀን በፊት አልደርስላችሁም» ብሏል። አያ አዳሙ ምሳ ላይ አዩኝ፣ አዩኝና ፊታቸው በራ።

«ኢንጂነር!» አሉ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባኛል። አንደኛ ዓመት ነኝ። የትምህርት ክፍል ገና አልመረጥኩም። የተማርኩት አመክንዮ፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊና ሳይኮሎጂ ነው። ለመኪና ጥቂት የሚቀርበው ፊዚክስ ሲሆን፣ በፊዚክሳችን መኪና ማለት ሰበቃ በሌለው ወለል ላይ የሚንሸራተት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ባሌስትራ የለውም። ወገቡን የሚያመው ሰውም አልተሳፈረበትም።

«እንደው ይቺን የኋላዋን ነገር አንተ ብታያት?» አሉ አያ አዳሙ። «እቴቴህ ገቢና ተቀምጣ፣ ሳትንገጫገጭ፣ እንደ ሰው ሽንዲ ትግባ። ሌላ ምኞት የለኝም።»

እቴቴ ከማጀት ብቅ ብለው «ይችላል ብለው ነው?» አሉ። ተስፋ ነበረው ድምፃቸው። ያ ተስፋ ነው የገደለኝ።

«ይቻላል» አልኩ።

ሰነፍ ግን አልነበርኩም፤ ይህን ይመዝግቡልኝ። ኔትወርክ የሚገባው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ ስለሆነ ሦስት ቀን እዚያ ተቀምጬ ባሌስትራ የሚያድስ ሰውዬ በቪዲዮ አጠናሁ። ነጭ ጓንት አድርጎ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ሲፈታ አየሁት። ሲያስር ግን ኔትወርኩ ጠፋ። ያየሁትን ሁሉ በደብተር ጻፍኩ፣ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩ። ቡሬ ሄጄ በተሰበረው ምትክ አንድ ብረትና አዳዲስ ጎሚኒዎች ገዝቼ፣ በኬሻ ጠቅልዬ፣ ሕፃን እንደያዘ ሰው አቅፌ ተመለስኩ። እቅዴ ግልጽ ነበር። ብረቶቹን ማውጣት፣ ዝገቱን መፈግፈግ፣ ግራሶ መቀባት፣ የተሰበረውን መተካት፣ የቀሩትን አሥራ ሦስቱን በየቦታቸው መመለስ።

«ክሪካችን አያነሣም አያ» አልኳቸው።

«ክሪክ ምን ያደርጋል? ሰው አለ አይደል! ደቦ እጠራለሁ» አሉ።

ልብ ይበሉ፣ ደቦ ለአጨዳ ነው፣ ለውቂያ ነው፣ ቤት ለማቆም ነው። ባሌስትራ በደቦ ሲታደስ የሰማ ካለ ይንገረኝና እንጽናና። ነገር ግን አያ አዳሙ በዚያ መንደር ላልረዱት ሰው ስለሌለ ሐሙስ ጠዋት ሰዉ ነቅሎ መጣ። አሥራ ሦስት ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ናቸው። በጉ ታረደ፣ ጠላው ቀረበ። አያ አዳሙ እኔን እየጠቆሙ «አዛዡ እሱ ነው፤ ያላችሁን አድርጉ» ብለው ለብርቱካን ነጠላ ሊገዙ ፍኖተ ሰላም ወረዱ።

ሥራው ሲጀመር ያምር ነበር። ባሕር ዛፍ ግንድ ከሥሯ አስገብተው እየዘፈኑ ዳልቻን ብድግ አደረጓትና ድንጋይ ደረደሩባት። አንድ ቡሎን ላይ አራት ሰው ይረባረባል። ሁለቱ ይፈታሉ፣ ሁለቱ ያጠብቃሉ። «ወደ ግራ ነው አያ» ስል፣ «በኛ በኩል ግራው ይሄ ነው!» የሚል መልስ ከመኪናው ሥር ይመጣል። ያም ሆኖ ቀትር ሳይደርስ አሥራ አራቱም ብረት ወጣ።

እኔም ነጭ የፕላስቲክ ሸራ አንጥፌ ብረቶቹን በቅደም ተከተል ደረደርኩ። «ቀኝ አንድ፣ ቀኝ ሁለት፣ ግራ አንድ…» እያልኩ በየጎናቸው ሸራው ላይ ጻፍኩ። ብረቱ ላይ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ገና የተፈገፈገ ብረት ማቆሸሽ መስሎኝ ነው የተውኩት። እስከ ዛሬ ከሚቆጩኝ ነገሮች አንዱ ይህ ንጽሕናዬ ነው።

በዕድሜ ሁሉን የሚበልጡት አባ ስሜነህ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የተሰበረውን ብረት ረጅም ጊዜ አዩት።

«የብረትም ዕድሉ ይለያያል ልጄ» አሉ። «አንዱ ሲንከራተት ኖሮ መንገድ ላይ ይቀራል። አንዱ አፈር ገብቶ እህል ያወጣል። ማን ያውቃል?» ከዚያ ተነፈሱ።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝና ገባኝ። በኛ አገር ባለእጁ ማረሻ የሚሠራው ከባሌስትራ ብረት ነው፤ ከሱ የሚጠነክር አይገኝም። ዳልቻ ብረት በሰበረች ቁጥር አያ አዳሙ ማረሻው ላለቀበት ጎረቤት መስጠት ልማዳቸው ነው። የመንደሩ ማረሻ እኩሌታው የዳልቻ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጊዜውም ደረቅ መሬት የሚገለበጥበት፣ ማረሻ የሚሰበርበት ነው።

«ይውሰዱት እንጂ አባ!» አልኩ። የተሰበረውን ነው። አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት «የቀሩት ግን ይመለሳሉ» ብዬ ባለመጨመሬ ነው። ለትልቅ ሰው ስጦታ ሰጥቶ ወዲያው ወሰን ማበጀት ነውር መሰለኝ። ሰዉ ግን ከቡሬ የመጣውን ኬሻ አይቷል፤ ውስጡ ያለው ሙሉ አዲስ ባሌስትራ ነው ብሎ አምኗል። አሁን ደግሞ የአሮጌው ብረት እደላ ሲጀመር በዓይኑ አየ።

ምሳ ተባለ። እኔን «አዛዣችን» ብለው ጥላው ሥር፣ ጀርባዬን ለመኪናዋ ሰጥቼ አስቀመጡኝ። ጉርሻ ከአራት አቅጣጫ ይመጣል። አፌ ሞልቶ ሳለ ከኋላዬ የአባ ስሜነህ ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ! የተማርክ ነህ፣ አድልዎ የለብህም። እዚያው ባለህበት ሆነህ፣ ሳትዞር፣ ዕጣውን ጣልልን።»

ቅርጫ የተካፈለ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። መደቡን የማያይ ሰው ጀርባውን ይሰጥና «ይሄ ለማን?» ሲባል ስም ይጠራል፤ ስለዚህ ማንም አይከፋውም። ለዚህ በመመረጤ ኩራት ተሰማኝ። የሚካፈሉት የበጉ ራስና እግር፣ ሆድ ዕቃና ሌላ ሌላው መስሎኝ ነበር። አንድ በግ ለአሥራ ሦስት መደብ እንዴት ይበቃል ብሎ የሚጠይቅ አእምሮ አለኝ፤ የሚሠራው ግን ፈተና ላይ ብቻ ነው።

«ይሄ ለማን?» አሉ።

«ለአያ ቢተው!»

ጭብጨባ ሆነ። «ጎበዝ! ረጅሙ ለቢተው ደረሰ!» አሉ። ረጅም የበግ እግር መሰለኝ፣ ለአያ ቢተው ደስ አለኝ።

«ይሄስ?»

«ለአያ ካሳ!»

«ይሄስ?»

«ለአያ ታከለ!»

አሥራ ሁለት ስም ጠራሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አልዞርኩም። አንገቴን ዝንብ ስትነክሰኝ ሳይቀር አልዞርኩም፤ ፍትሕ እንዳይዛባ። አሥራ ሦስተኛው ላይ «ይሄ ያንተ ድርሻ ነው» ሲሉኝ ደግሞ ቸርነት ያዘኝ። «የኔን ለአባ ስሜነህ ጨምሩላቸው!» ብዬ ጮህኩ። ምርቃቱ ለብቻው አንድ ምሳ ነበር።

እጄን ታጥቤ ስመለስ ሸራው እንደ ተነጠፈ ነው። «ቀኝ አንድ፣ ቀኝ ሁለት፣ ግራ አንድ…» ጽሑፌ አንድም ሳይደበዝዝ ይነበባል። ብረት የለም። ዳልቻ ድንጋይ ላይ እንደ ተሰቀለች ኋላዋ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

«አያ ቢተው የት ሄዱ?» አልኩ ዕቃ የምታነሣዋን ጎረቤት።

«ባለእጁ ቤት ነዋ። ሁሉም ወደዚያው ናቸው። ተራ እንዳይበዛባቸው ሮጡ።»

እኔም ሮጥኩ። ባለእጁ አያ እጅጉ ወንዙን ተሻግረው ነው የሚኖሩት። ስደርስ የኛ ደቦ በሙሉ ብረት ብረቱን ተሸክሞ ተሰልፏል፤ ወናፉ ይነፋል፣ መዶሻው ይጮኻል። እያለከለክሁ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ‹ለአያ ቢተው› ያልከው አንተ አይደለህም?» አሉ አያ ቢተው።

«እኔ ነኝ። ግን አላየሁም፤ አልዞርኩም።»

«አትዙር ብለንህ ነዋ!»

«አዎ፣ ስላላችሁኝ ነው ያልዞርኩት።»

«ምን ዓይነት ታዛዥ ልጅ ነው?» አሉ አያ ካሳ። ሙገሳ ይሁን ስድብ ለማወቅ ጊዜ አልነበረኝም።

አያ እጅጉ በጉጠት የያዙትን ፍም የመሰለ ቁራጭ አነሡልኝ። «ይሄን ልመልስልህ? ገና ለጋ ነው።»

ሰዉ በጣም አፈረ። ስምንቱ ያልተነካ ብረታቸውን ወዲያው መለሱ። አራት ብረቶች ተቆርጠው ነበር። የቀረው አንዱ፣ ከሁሉ የሚረዝመውና የሚያስፈልገው፣ ጫፎቹ ተጠቅልለው ባሌስትራውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ዋናው ብረት፣ የአያ ቢተው ዕጣ ነው። አንድ ጫፉ እሳት ገብቶ ተዘርግቷል። አያ እጅጉ ወዲያው መልሰው አጋሉት፣ እንደ ነበረው አሳምረው ጠቀለሉት፣ ውኃ ውስጥ ነከሩትና ጢሱ መሃል ሆነው «አሁን ድንጋይ ሆኗል!» አሉ። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ባሌስትራ መጉበጥና መመለስ እንጂ ድንጋይ መሆን እንደማይገባው የሚያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም፤ ደብተሬም ላይ አልተጻፈም።

አያ አዳሙ ከፍኖተ ሰላም ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«የደቦው ሰው ጠገበ?» አሉ።

«አዎ አያ።»

«ደግ» አሉና ነጠላውን ሊያስቀምጡ ገቡ።

አርብን ሙሉ፣ ቅዳሜን እስከ ቀትር በስምንቱ፣ «ድንጋይ» በሆነው ዋና ብረትና በአዲሱ፣ ግራውን አምስት ቀኙን አምስት አድርገን ገጠምን። ዳልቻ መሬት ስትነካ ኋላዋ ቀና አለ። በእውነት ያምር ነበር። እቴቴ ወጥተው ዞሯት። ለወንበሩ በገዛ እጃቸው የሰፉትን የሱፍ ትራስ ይዘዋል።

አያ አዳሙ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «እውነቱን ንገረኝ» አሉ። «ትይዛለች? ልብህ ከተጠራጠረ አሁኑኑ በሕዝብ መኪና ቡሬ እልካታለሁ። ከዚያ ተሳፍራ፣ ቢያማትም ሌሊቱን ልጇ ቤት ታርፋለች። ነገ ጠዋት እዚያው ናት።»

የዚያ ቅዳሜ ነገር ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። ልቤ ተጠራጥሮ ነበር። ያቺን የተጠቀለለች ጫፍ ሳስራት እጄ ቅር ብሎት ነበር። ነገር ግን እቴቴ ትራሱን ገቢናው ላይ ሲያመቻቹ፣ ሲቀመጡበት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሩን ከውስጥ ሲዘጉት አየኋቸው። አያ አዳሙም ሲያዩዋቸው አየሁ።

«ትይዛለች» አልኩ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። እስከ ቡሬ አስፋልት ነው፤ ዳልቻ ሳትነቀንቅ ወሰደችን። እቴቴ ዞር ብለው «የኔ ጌታ፣ ባሕር ላይ የምሄድ መሰለኝ እኮ! ይባርክህ» አሉኝ። አያ አዳሙ ፈገግ እያሉ መሪውን መታ መታ አደረጉ። ከኋላ ከድፎ ዳቦውና ከጠላው ጋር ተቀምጬ እንደዚያች ሰዓት የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ከቡሬ ወደ ሽንዲ ጥርጊያው ተጀመረ። ጥቂት ሄደን አንዲት የውኃ መውረጃ ስንሻገር «ቋ!» አለ። ዳልቻ በቀኝ በኩል ቁጭ አለች። «ድንጋይ» የተባለው ብረት ጥቅልሉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

እቴቴ አልጮኹም። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «ውይ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ደግፈን አወረድናቸውና ትራሱን መንገድ ዳር አንጥፈን አስቀመጥናቸው። አንድ ጋሪ መጣ፤ ባለጋሪው «ኑ፣ እማማን ላድርስ» አለ። ልናወጣቸው ስንሞክር ወገባቸው ያዛቸው፣ ፊታቸው አመድ መሰለ፣ መልሰን አስቀመጥናቸው። አንድ ሞተር ብስክሌት አለፈ፤ እሱ ምን ያደርግላቸዋል? አንድ የጭነት መኪና መጣ፤ ወደ ቡሬ ነው።

ስልኬ ጠራ። ብርቱካን ናት።

«የት ደረሳችሁ? ቄሶቹ ጨርሰው ቅዳሴ ሊገቡ ነው፣ ልጁ አሁን ካልመጣ አይሆንም እያሉ ነው። እማ አለች?»

እቴቴ ስልኩን ተቀበሉኝ። «አለሁ ልጄ። አማትሽ ይታቀፉት። ጥሩ አድርገው ይሸፍኑት፣ ብርድ ነው በያቸው።» ከዚያ ድምፃቸውን አጽንተው «ስልኩን ግን አትዝጊው» አሉ።

አልዘጋችውም። ስልኩን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው። የሰው ኮቴ ተሰማ፣ እልልታ ተሰማ፣ የሚያነቡ ቄስ ድምፅ ራቅ ብሎ ተሰማ። አያ አዳሙ ከመኪናው ሥር ወጡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«እቴቴ» አልኩ፣ «ይቅር—»

«ዝም በል አንተ! እየተጠመቀ ነው።»

ውኃው ተሰማ። ሕፃኑ አለቀሰ። ምን ዓይነት ልቅሶ! እዚያች ደረቅ መንገድ ላይ ቡሬ ድረስ የሚሰማ መሰለኝ። እቴቴ ሁለት ክንዶቻቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈው መወዝወዝ ጀመሩ። ልቅሶው እየራቀ ሄዶ ሲያባራም ክንዳቸውን አልፈቱም። ፀሐይዋ ከፍ ስትል እቅፋቸው ውስጥ ማንም ሳይኖር የነጠላቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው ከለሉለት።